እንደ እንግዳ አትቅበሩኝ

ማርች 2

ትልቁ ዝናብ ገባ። ዛሬ ከዶክተር ኖርበርታ ጋር ካኦሌ መንደር ቀብር ላይ ዋልን። ሟቹ የዛራሞ ጎሳ ሰው ነው፤ ዓሣ አጥማጅ። እኔ ንያምዌዚ ስለሆንኩ ዛራሞዎች ሁሉ ዋታኒዎቼ፣ የተረብ ወገኖቼ ናቸው። እነሱ ሲሞቱ የመሳደብ፣ እኔ ስሞት የመሰደብ መብት አለን። አያቶቻችን በዝሆን ጥርስ መንገድ ላይ ሲዋጉና ሲሰራረቁ ኖረው ኖረው በመጨረሻ ሳቁበት፤ ከዚያ ወዲህ ተረቡ ውርስ ሆነ። ኡታኒ የሚባለው ይኸው ነው። ዛሬም ደንቤን አደረስኩ። የሟቹን ቆብ ነጥቄ አጠለቅሁ፤ በየሳምንቱ ስለሚቀደድበት መረቡ እየዘፈንኩ ጉድጓዱ ውስጥ ተጋደምኩና «ይሄ ለእኔ ልክ ነው፤ ለእሱ ሌላ ቆፍሩ» አልኩ። ሚስቱ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። በጭቃ ተለውሼ ወጣሁ።

ዶክተር ይህን ሁሉ ከምንጣፉ ጫፍ ተቀምጠው በቴፕ ይቀዱ ነበር። እንደ እሳቸው የሚያዳምጥ ሰው አላየሁም። ሌላው ተመራማሪ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው ጆሮ ይዘው ይመጣሉ። ዕድሜያቸውን የፈጁት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ሰው የማን ወገን እንደሆነ በንግግር ውስጥ እንዴት ይታወቃል? ስንመለስ መኪና ውስጥ እንዲህ አሉኝ፤ «ሚሃዮ፣ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን ተወው። ሌሎች ምን ሊሉት ይደፍራሉ? ወገኑ ያለው እዚያ ነው።» ይህን አባባል እዚህ የጻፍኩት እንዳይጠፋብኝ ነው።

ምሳ ላይ እኛ ከአንድ ትሪ እየተሻማን ስንበላ ለእሳቸው ወንበርና የግል ሰሃን ቀረበላቸው። አንድም ሰው ያልተገባ ቃል አልተነፈሰባቸውም። ክብር ማለት ይሄ ነው! እኔ እዚህ ባጋሞዮ ስንት ዓመት ኖሬ ማንም ወንበር ስቦልኝ አያውቅም።

ማርች 4

አከራዬ ቢ ሲኩዛኒ ጠዋት ሳታንኳኳ ገብታ ሻዬን ጠጣችብኝ። ዛራሞ ናት፤ አፏ ምላጭ ነው። ንያምዌዚዎች ድሮ የነጋዴ ተሸካሚ ነበሩና ተረቧ ሁሌ ከሸክም ይጀምራል።

«ሸክም ለለመደ ሰው ሻይ ምን ያደርግለታል?» አለችኝ።

«አንቺ ከበሮ በሰማሽ ቁጥር ድስትሽ እስኪያርር ትጨፍሪያለሽ፤ ከዚያ የሰው ሻይ ትለምኛለሽ» አልኳት።

ደስ ብሏት ሄደች። ስኳሬንም ይዛ ነው የሄደችው።

ማርች 9

ዶክተር ቤት ሄድኩ፤ እናታቸው እማማ ፐርፔቱዋ ታመዋል። ልባቸው ደክሟል፤ እግራቸው አብጧል። ቤታቸው ከሚሲዮኑ ማንጎ ዛፎች ጀርባ ነው። ብርቱካን ገዝቼ ነበር።

«ማነው?» አሉ ከአልጋቸው።

«እኔ ነኝ እማማ፣ ሚሃዮ። የዶክተር ረዳት።»

«ንያምዌዚው? ቀረብ በል እስቲ። አይ ራስ! እንዲህ የተደፈጠጠው ሸክም ተጭኖበት ነው ወይስ እናትህ ወልዳህ ስታበቃ ተቀምጣብህ ነው?»

ዶክተር ከጓዳ ብቅ አሉ። የሆነ ነገር የሚጠብቁ ይመስል አፍ አፌን አዩኝ፤ እንዳልቀየም ሰግተው መሰለኝ። እኔ ግን ባለጌ አይደለሁም። ጎንበስ ብዬ «እግዜር ይማርዎት እማማ» አልኩና ብርቱካኑን ከራስጌያቸው አስቀመጥኩ። እማማ ለአፍታ አዩኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ዶክተርም ወደ ጓዳ ተመለሱ።

በሽታ ሰውን ያነጫንጫል። አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም አዘንኩላቸው። የእማማ አባት ገና ልጅ ሳሉ ከመሀል አገር በሰንሰለት እየተነዱ ከዚህ ባሕር ዳር የደረሱ፣ ሚሲዮኑ ነፃ አውጥቶ ያሳደጋቸው ሰው ነበሩ። ጎሳቸውን አያውቁም፤ ስማቸውንም ያገኙት ጥምቀት ላይ ነው። ከተማው እነዚህን ቤተሰቦች «የሚሲዮን ልጆች» ይላቸዋል፤ በአክብሮት ነው ታዲያ። ከእነዚህ መሀል እንደ ዶክተር ያለ ሊቅ መውጣቱ ያስደንቀኛል።

ማርች 13

ሩጫ። ከቴፕ ወደ ወረቀት የምገለብጠው ሦስት ካሴት ቀርቶኛል። ዶክተር ስለ ኡታኒ የሚጽፉትን መጽሐፍ ረቂቅ ዩኒቨርሲቲው ሜይ መጨረሻ ላይ ይፈልገዋል። ጣሪያዬ ያፈሳል። እማማን ሐኪም አይቷቸው ወደ ቤት መልሷቸዋል፤ ይሄ ጥሩ ይሁን መጥፎ አልጠየቅሁም።

ማርች 19

ዛሬ ከዶክተር ጋር የሠራነውን ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የአንድ ሠርግ ካሴት ነበር። አንዲት ሴት ሙሽራውን ትተርበዋለች፤ ሙሽራው ዝም ይላል፤ ከዚያ «አመሰግናለሁ» ይላል። እኔ «ሳቅ የለም» ብዬ ጽፌ አልፌው ነበር። ዶክተር ካሴቱን መልሰው ያቺን ዝምታ ደጋግመው አሰሙኝ።

«ምን ሰማህ?»

«ምንም፣ ዶክተር።»

«ይቺ ሴት በር ከፈተችለት። እሱ ደግሞ በትህትና ዘጋባት። ስማ፣ ሚሃዮ። ስድብ ሲመጣ ስድብ ካልመለስክ፣ ‹አንቺ ለእኔ ማንም አይደለሽም› ማለት ነው። ከጨዋነት የሚበልጥ አጥር የለም። ጥሩ ተደርጎ የታጠረ፣ አበባ የተተከለበት አጥር ነው።»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከየት ነው የሚያመጡት? ሰው ሁሉ የሰማውን ሰምተው ማንም ያልሰማውን ያወጣሉ። በዚያ ሙሽራ በጣም ተናደድኩ። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው! ሴትየዋ እኮ ቁልጭ አድርጋ ነው የከፈተችለት።

ሻይ ስንጠጣ ድፍረት አግኝቼ «የእርስዎስ ዋታኒ እነማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የለኝም» አሉ፤ ሰው ሰዓት ተጠይቆ እንደሚመልሰው። «ለመሰደብ ዘር ይፈልጋል። ‹እናንተ እንዲህ ናችሁ› ሊሉህ ‹እናንተ› የሚሉት ሕዝብ ያስፈልጋል። ልጅ ሳለሁ የሰፈሩ ልጆች ሲሰዳደቡ ከዳር ቆሜ እሰማ ነበር። ማንም አልነካኝም። ምን ያህል ጎበዝ አድማጭ እንደሆንኩ ትደነቃለህ፤ እዚያ ነው የተማርኩት።»

ከዚያ የአባታቸውን ቀብር ነገሩኝ። ከተማው ሙሉ መጥቶ ነበር አሉ። ሁሉም ንጹሕ ለብሶ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ። ጉድጓድ ውስጥ የዘለለ የለም፤ የሟቹን ኮት ነጥቆ የለበሰ የለም፤ ኩርፊያውን አስመስሎ ያሳቀ የለም። «ከጸጥታው ብዛት የባሕሩ ድምፅ ይሰማ ነበር» አሉ። እናታቸው ያን ጸጥታ እስከ ዛሬ አልረሱትም።

መጽሐፉ ውስጥ ይህን ለምን እንደማይጽፉ ጠየቅኳቸው። «ስለ ራስ መጻፍ ነውር ነው» አሉና ሌላ ካሴት ከተቱ።

ማርች 27

እማማ ብሶባቸዋል። ዛሬ ግልባጭ ላደርስ ገብቼ አልጋው አጠገብ ሦስታችን ሆንን። እማማ የልጃቸውን እጅ ያዙ።

«ኖርበርታ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። እንደ እንግዳ አትቅበሩኝ።»

«እማዬ፣ ይህን አሁን...»

«አባትሽን እንደ እንግዳ ቀበርነው። አንድ እንኳ የሚሰድበው ጠፋ! ሰማንያ ዓመት የዚህን አገር ዓሣ በልቼ፣ ወልጄ፣ ቀብሬ፣ ልክ ትናንት ከመርከብ እንደ ወረደች ሴትዮ በጨዋ ደንብ አፈር ሊያለብሱኝ ነው? ከሆነማ አልሞትም!»

ዶክተር ወጥተው ማንጎው ሥር ቆሙ። ዝናቡ እየመታቸው ነበር። ስለ ኡታኒ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው በዚህ አገር የለም፤ ለእናታቸው ግን አንድ ተራቢ ማምጣት አልቻሉም። አንጀቴን በሉት።

እማማ ወደ እኔ ዞር ብለው «አንተስ ምን ታፈጣለህ? ሸክም የሚነሣ መሰለህ?» አሉኝ።

«አይዞዎት እማማ፣ ይሻልዎታል» አልኳቸው።

አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ።

ኤፕሪል 1

ቢ ሲኩዛኒን አነጋገርኳት። ኮኮናት እየፋቀች ነበር።

«እማማ ፐርፔቱዋ ካረፉ ቀብራቸው ላይ ትተርቢያቸዋለሽ?»

መፋቂያውን አስቀመጠች። «ምን አልክ?»

«አንቺና ሴቶቹ። ልብሳቸውን ለብሳችሁ፣ አካሄዳቸውን አስመስላችሁ...»

«አንተ ሰውዬ ራስህ ብቻ ሳይሆን ውስጡም ተደፍጥጧል ልበል? በምን አንቀጽ ነው የምሰድባቸው? አንተን ስሰድብህ አያቶችህን እሰድባለሁ፤ አያቶቼ ካንተ አያቶች ጋር ተፈንክተዋል። ከሚሲዮን ልጆች ጋር መቼ ተጣላን? ያልተጣላኸው ሰው ላይ በምኑ ትስቃለህ?»

«ጎረቤትሽ አይደሉም?»

«ናቸው። ጥሩ ሴት ናቸው። ልጃቸውም ዶክተር ናት። ለዚህ እኮ ነው! ዝም ብዬ ብሰድባቸው ስድብ ይሆናል።»

«ስድብ አይደል እንዴ?»

«የእኛ ስድብ አይደለም፤ እውነተኛ ስድብ ይሆናል። ሂድ ወዲያ! እኔ ደሃ ነኝ እንጂ ባለጌ አይደለሁም።»

ኮኮናቷን መልሳ አነሣች። ሳትሰድበኝ ስታሰናብተኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ኤፕሪል 4

ዶክተር ሰሙ። ቢ ሲኩዛኒ ገበያ ላይ ለአንዷ፣ አንዷ ለሌላዋ።

አልጮሁብኝም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። በሩን ዘጉና ቁጭ አሉ።

«ተለምኖ የመጣ ስድብ የኪራይ እንባ ነው። ይህን ካንተ በላይ ማን ያውቃል?»

«ይቅርታ ዶክተር። ለእማማ ብዬ...»

«አውቃለሁ። ይቅርታ መጠየቅ ታበዛለህ፣ ሚሃዮ።»

ይቅርታ ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእኔ ነው። ሌላው ቢሆን ከሥራ ያባርረኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ወዲያው ቴፑን ከፍተው የቀረውን ካሴት ሠራን። እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው የት ይገኛል?

ኤፕሪል 8

ዝናብ። ካሴት። ዝናብ። መንገዱ ተቆርጦ ዳሬሰላም የሚሄደው አውቶቡስ ቀረ። ዶክተር ማታ ማታ እናታቸውን ይጠብቃሉ፤ ቀን ቀን ይጽፋሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። የመጨረሻውን ምዕራፍ አላሳዩኝም።

ኤፕሪል 10

ምን ያጠፋሁት ነገር አለ?

ዶክተር ዛሬ እግረ መንገዳቸውን «እናቴ ኩሩ ሰው ነው ትልሃለች» አሉኝ። እኔ? ኩሩ? ደጃቸው ስደርስ ጫማዬን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ብርቱካን ይዤ የምገባው ሰውዬ? ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ። ከሥራ በኋላ እማማን ልጠይቅ ሄድኩ፤ ደግሞ ብርቱካን ገዛሁ።

እማማ ዛሬ ድምፃቸው ከደረታቸው አይወጣም፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። እንድቀመጥ አዘዙኝ።

«አያትህ ምን ነበር ሥራው?»

«የነጋዴ ተሸካሚ ነበር እማማ። ከመሀል አገር፣ ከታቦራ እዚህ ድረስ የዝሆን ጥርስ ያመጣ ነበር።»

«ጥርስ ብቻ?»

«እንደዚያ ነው የሚሉት።»

እማማ ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። «ስማ አንተ ጠፍጣፋ! አያትህ አባቴን ከኋላ እየኮረኮመ እዚህ ድረስ ነዳው። አንተ ደግሞ በስተርጅናዬ ብርቱካን ታመላልስልኛለህ! ምነው፣ ኪራዩን ልትተሳሰብ ነው?»

ዶክተር በሩ ላይ ቆመው ነበር። እናትና ልጅ ሁለቱም አዩኝ። እውነት ይሁን በሽታ አላወቅኩም፤ ብቻ ተነሥቼ ጎንበስ አልኩና «እማማ፣ እኛ በድለናችሁ ከሆነ ይቅር ይበሉን» አልኳቸው። ከልቤ ነው ያልኩት።

እማማ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ብርቱካኑን ውሰድና ሂድ» አሉ። ዶክተር እስከ በሩ ሸኙኝ፤ «ደህና እደር» ብቻ አሉኝ፤ ድምፃቸው ደክሞ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅሁ እኮ! ከዚህ በላይ ምን አደርጋለሁ?

ኤፕሪል 11

ዶክተር የመጨረሻውን ምዕራፍ ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ሄደዋል። በጥራት እንድገለብጠው ነው። ሻዬ ቀዝቅዞ ቀረ እንጂ አልጠጣሁትም። ሁሉም በእሳቸው ልክ ይጻፍ ቢባል የዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ግማሹ ይቃጠል ነበር። አንዱን አንቀጽ እንዳለ ገለበጥኩት፦

«ኡታኒ ከፍቅር አይወለድም። ዋታኒ የሆኑ ሕዝቦች ሁሉ አንድ ቀን የተዋጉ፣ የተዘራረፉ፣ በመንገድ የተበዳደሉ ናቸው። በደሉን የሚያጠፋው ይቅርታ አይደለም። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ይቅርታ የተጠየቀውም ዝቅ ብሎ ይቀራል። በደሉን ያጠፋው ሁለቱም ወገን ጮክ ብለው ስሙን ጠርተው መሳቃቸው ነው። ስሙ ያልተጠራ በደል ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ጨዋነት ሆኖ ይተላለፋል።»

ወርቅ ነው። «ከፍ ብሎ ይቆማል» የምትለውን ደጋግሜ አነበብኳት። ስለ እነማን እንደጻፉት አይገልጽም፤ ሌላው ምዕራፍ ሁሉ የሕዝብ ስም ሲኖረው ይሄ የለውም። ይህን ጉድለት ላመለክታቸው አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

አያቴን አስታውሰዋለሁ። ግራ ትከሻው ላይ ሸክም የቆፈረው ጠባሳ ነበረው። ስለ መንገዱ ሲያወራ ስለ አንበሳና ስለ ወንዝ ያወራል። ከሰልፉ ኋላ ማን ይሄድ እንደነበር ጠይቀነው አናውቅም። እሱም አላወራ። ቤታችን ውስጥ ስለዚያ አይወራም።

ነገ ዝናቡ ካባራ ልብስ አጥባለሁ።

ኤፕሪል 16

እማማ አረፉ። ንጋት ላይ።

ደርሼ መጣሁ። ዶክተር አላለቀሱም። እንግዳ ያስተናግዳሉ፤ ወንበር ያቀርባሉ። ቀብር ነገ ከሰዓት።

ኤፕሪል 17

ከነጭቃዬ ነው የምጽፈው።

ከተማው ሙሉ መጣ። ልክ እንደተነገረኝ፤ ንጹሕ ልብስ፣ የተደፋ አንገት። ዛራሞው፣ አረቡ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ አስተማሪው፤ ቢ ሲኩዛኒ እንኳ በአዲስ ካንጋ ተጠቅልላ አፏን እንደ ቅምጫና ዘግታ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። አባ ጸሎቱን ጨረሱ። ሳጥኑ በገመድ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተያዘ። ያኔ ጸጥ አለ፤ የባሕሩ ድምፅ መጣ።

ዶክተርን አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። ሕይወታቸውን ሙሉ የሰው ንግግር ያዳመጡበት ጆሮ ያንን ባሕር ያዳምጥ ነበር። እኔ ደግሞ ከእሳቸው ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ኮቴን ቆልፌ፣ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። ንጹሕ! ጨዋ! ያ ሙሽራ ትዝ አለኝ፤ በሩ የተከፈተለት ደንቆሮ። ሴትዮዋ ከሞት አፋፍ ሆነው ስንቴ ከፈቱልኝ? እኔ ስንቴ በብርቱካን ዘጋሁባቸው?

ዘለልኩ። ከነጫማዬ፣ ከነኮቴ ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩና ተጋደምኩ።

«አቁሙ!» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ይቺን ሴትዮ ማን ፈቅዶላችሁ ነው የምትቀብሩት? የኛ ዕቃ ናት!»

አንድ ሰው «በስመ አብ!» አለ። ገመድ ያዦቹ ሳጥኑን ወደ ኋላ ሳቡት።

«አባቷን ከመሀል አገር የሰረቅነው እኛ ነን! አያቴ ከታቦራ መንገድ እስከዚህ ባሕር ድረስ እየኮረኮመ ነዳው፤ ላቡን ጠብ አድርጎ! እዚህ አራግፎ ውሃ ሊጠጣ ዞር ቢል፣ እናንተ አስቀራችሁት፤ ስም አወጣችሁለት፣ አጋባችሁት፣ ይቺንም ጨቅጫቃ ወለደባችሁ። የሰረቅነውን ማን ቀብሮ ያስቀርብናል? አምጡ! ተሸክሜ እመልሳታለሁ!»

ጸጥታው የባሰ ሆነ። ከታች ሆኜ የሚታየኝ ሰማይና ዙሪያውን የተደረደረ ጫማ ብቻ ነው። ጭቃው ጀርባዬን ይስበኛል። አበቃልኝ አልኩ። እውነተኛ ስድብ ነው የተሳደብኩት፤ ያውም በሙት ላይ፣ ያውም ልጇ ፊት። «ይቅርታ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። እንዴት እንደዋጥኩት እግዜር ያውቃል።

«ውጣ ከዚያ አንተ ጠፍጣፋ ሌባ!»

ቢ ሲኩዛኒ ናት። ንያምዌዚ ዛራሞ ፊት አፉን ከፍቶ ዝም ሊባል አይችልማ፤ ደንቡ አያስችላትም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ያራገፍከውን ማን መልሰህ አንሣ አለህ? ሰማንያ ዓመት የት ነበራችሁ? የኛ ናት! የኛን ዓሣ በልታ የወፈረች፣ የኛን ማንጎ ሰርቃ ያረጀች፣ የኛ ሌባ ናት!»

«የእኔን ማንጎ!» አለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከኋላ። «ድንጋይ ወርውራ ነው የምታወርደው! አንዴ ጣሪያዬን በስታለች!»

«ብድር ወስዳ የማትመልስ!»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምታንኮራፋ! አባ ይመስክሩ!»

አባ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ነበር፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አንዷ ሴት ሮጣ ሄዳ የእማማን ሰማያዊ ካንጋና ምርኩዝ ይዛ መጣች፤ ወገቧን ሰብራ፣ እግሯን እየጎተተች፣ በእማማ ድምፅ ገመድ ያዦቹን «ቀስ! እንቁላል ነው የያዛችሁት!» እያለች ትዞር ጀመር። ቁርጥ እማማ። ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ተገለበጠ፤ ደግሞ ወደ ሳቅ። እኔ «የኛ ናት!» እላለሁ ከታች፤ ቢ ሲኩዛኒ «የኛ ናት!» ትላለች ከላይ፤ ጭቃ እየወረወረችብኝ። ሁለት ሕዝብ አንዲትን አሮጊት ተናጠቀ።

ከዚያ ዶክተር ወደ ጉድጓዱ አፍ መጡ።

ቁልቁል አዩኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። መዝጋትም መክፈትም አሁን የእሳቸው ፈንታ ነበር።

«ሸክምህን ትፈልጋለህ?» አሉ።

«እፈልጋለሁ!»

«ውሰድ። ግን አያትህ እንዳመጣው ነው የምትመልሰው፤ በእግርህ፣ በባዶ ሆድህ፣ እስከ ታቦራ። ሳጥኑን የት እንደምታስቀምጠው አትጨነቅ። አምላክ አስቦበት ነው ያንን ራስ እንደ ጠረጴዛ የሠራልህ!»

ሰዉ አናቱን ይዞ ጮኸ። አንድ ሽማግሌ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። እሷም ሳቀች፤ ዶክተር ኖርበርታ አፏን ሞልታ ሳቀች፤ ከዚያ ከአንጀቷ አለቀሰች፤ «እማዬ፣ ሰማሽ? እማዬ፣ ሰማሽ?» እያለች። ቢ ሲኩዛኒ አቀፈቻት። አቅፋትም «ዝም በይ፣ አንቺ ደግሞ ድምፅሽ የተሰነጠቀ ደወል» ትላታለች።

ከጉድጓዱ ጎትተው አወጡኝ። እማማ ፐርፔቱዋን ቀበርናት። ባሕሩ ይኑር አይኑር አልሰማሁም።

ኤፕሪል 19

ትኩሳት ይዞኛል፤ ከጭቃው ነው። ቢ ሲኩዛኒ ሾርባ አምጥታ ግማሹን ራሷ ጠጣችው።

ኖርበርታ በቀብሩ ላይ ቴፕ አልቀዳችም። ስንት ሰው ጠየቀኝ። መቅጃው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ አልነካችውም። የሕይወቷን ትልቁን ንግግር ሳትቀዳው ቀረች። ይህንንም አደንቅላታለሁ፤ ሌላ ሊቅ አያደርገውም።

እኔ የጀመርኩት ምን እንደሆነ አሁንም በደንብ አልገባኝም። አያቴ በእርግጥ የእማማን አባት ነዳው ወይስ ሌላውን? ወይስ ማንንም? የሚያውቅ የለም። እማማ ግን እኔን መረጠችኝ፤ ያን ያህል ነው የማውቀው። እኔ ደግሞ ልትሞት ስትል ድረስ «ይሻልዎታል» እያልኩ አስለፋኋት። ፍራሼ ላይ ሆኜ ይህን ሳስብ አለቀስኩ።

ኤፕሪል 23

ዛሬ ሳልነሣ ማንም ሳያንኳኳ በሬ ተከፈተ። ቢ ሲኩዛኒ መስላኝ «ስኳር የለም!» አልኩ።

ኖርበርታ ናት። ጠዋት ይቅርና ማታም ቤቴ መጥታ አታውቅም። ሰላም አላለችኝም። ዙሪያውን አየች፤ የድስቴን ክዳን አንሥታ የትናንቱን ሩዝ በእጇ ጎረሰች፤ ጨው እንደጎደለውም ተናገረች። ከዚያ የመጨረሻውን ምዕራፍ ፍራሼ ላይ ወረወረችው።

«መጀመሪያው ላይ የሕዝቡ ስም ጎድሎ ነበር። ሞልቼዋለሁ። የእናንተንም የእኛንም። ነገ ገልብጠህ አምጣ፤ ትኩሳት ምናምን እንዳትለኝ፤ ንያምዌዚ ሸክም ሲያይ ነው የሚታመመው።»

«ነገ አልደርስም» አልኳት። ምላሴ ‹ዶክተር› ሊል ሲንደረደር ነከስኩት። «አንቺ የሚሲዮን ቅምጥል፣ በሰው ሠራሽ ስም የምትመጻደቂ! ሩዜንስ ማን ይተካል?»

ፈገግ እንኳ አላለችም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጃንጥላዬን፣ ያለኝን አንድ ጃንጥላ፣ አነሣችና ወጣች። ውጭ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል።

ብርድ ልብሴን እንደለበስኩ እስከ በሩ ሮጥኩ። መንገዱ መሀል ደርሳለች፤ ጃንጥላዬን ዘርግታ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ባለቤት።

«ሌባ!» አልኳት ባለኝ ድምፅ ሁሉ።

ዞር ሳትል መለሰችልኝ።

«የሌባ ልጅ!»

ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ።